የገና ዝግጅት ደስታ እንጂ ሕመም እንዳያመጣ

ታኅሣሥ ሲገባ ሶማሌ ተራ ሥራው ይበዛል። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚጓዘው ሹፌር ፍሬን ሸራ ይጠይቃል፤ መካኒኩ ያረጀ ኩሽኔታ በእጁ ይዞ ተመሳሳዩን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ተሸካሚው ባሌስትራ በትከሻው አድርጎ መንገድ ልቀቁ እያለ ያልፋል። አመሻሽ ላይ የሱቆቹ መዝጊያ እየተጎተተ ሲወርድ ግን የአንዳንዱ ሰው ቀን አላለቀም። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ የዋለው ወጣት እጁን ከግራሶ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ወደ መዝሙር ጥናት ይሮጣል።

ምናልባት ይህ ሰው እርስዎ ይሆናሉ። በመርካቶ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች፣ ከደብረ አሚን ተክለ ሃይማኖት ወይም ከቅዱስ ራጉኤል በአንዱ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ሆነው ለልደት በዓል መዝሙር እያጠኑ ይሆናል። ወይም በወንጌላውያን አልያም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገና ምሽት መርሐ ግብር እንዲያስተባብሩ ተመድበው ይሆናል። ልጅዎ በድራማው ላይ እረኛ ወይም መልአክ ሆና እንድትሠራ ተመርጣም ሊሆን ይችላል። ከየትም ወገን ይሁኑ፣ እነዚህ ሳምንታት ደስ የሚሉም አድካሚም መሆናቸውን ያውቁታል።

በየዓመቱ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ለበዓሉ ከሁሉም በላይ የለፋው ሰው በበዓሉ ዕለት ድምፁ ተዘግቶ፣ ጨጓራው ተነሥቶ ወይም በጉንፋን ተይዞ ይተኛል። ሌላው ሲዘምርና ሲያሸበሽብ እርሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ነው። በዛሬው ጽሑፋችን እንዴት እንደሚቻል እናያለን።

ጭንቀቱ ከየት ይመጣል?

የገና ዝግጅት ሦስት ሸክሞችን በአንድ ወቅት ያገናኛል። አንደኛው የበዓል ሰሞን የሥራ ጫና ነው። ሁለተኛው ኅዳር 15 ቀን የሚገባውና ከስድስት ሳምንት በላይ የሚቆየው ጾመ ነቢያት ነው። ሦስተኛው ጥናቱ፣ ልብስ ማሰፋቱ፣ የድምፅ መሣሪያ መከራየቱና የገንዘብ መዋጮው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢመጣ ሰውነት ይችለዋል። ሦስቱ ሲደራረቡ ግን በመጀመሪያ የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው፤ ቀጥሎ ምግብ ነው፤ ከዚያ ትዕግሥት ያልቃል።

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጠላት አይደለም። እንዲያውም በሕዝብ ፊት ሲቆሙ ንቁ የሚያደርግዎ ይኸው ነው። ችግር የሚመጣው ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ሲቀጥል ነው። ዘይት የሌለው ሞተር ምን እንደሚሆን ለሶማሌ ተራ ሰው አይነገረውም፤ የሰው አካል ዘይቱ ደግሞ ዕረፍት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ ይበሉ፦ ደክሞዎት እያለ እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ሌሊት ነቅቶ ስለ መርሐ ግብሩ ማሰብ፣ በትንሹ መቆጣት፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ መወጠር፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ የሚወዱትን መዝሙር መስማት እንኳ መሰልቸት። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ በአንድነት ከታዩ ሰውነትዎ ሸክሙን ቀንስልኝ እያለዎት ነው። በተለይ የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ግፊቱን በዚህ ሰሞን ቢለካ ይመከራል። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ደስታውም ለጤና ይጠቅማል

ይህን ሲያነቡ "እንግዲያው ዘንድሮ ይቅርብኝ" እንዳይሉ። አብሮ መዘመር ለጤና ጠቃሚ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአንድነት የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል ተመልክተዋል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ረጅም ሐረግ ሲዘመር አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይህም የልብን ምት የሚያረጋጋውን ነርቭ ያነቃቃል። በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በመዝሙር ክፍል የተሰበሰቡ የማይተዋወቁ ሰዎች የእጅ ሥራ ወይም የጽሑፍ ትምህርት ለመማር ከተሰበሰቡት ይልቅ ቶሎ እንደተቀራረቡ አሳይተዋል።

ከሰው ጋር መቀራረብ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300 ሺሕ በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ወቅት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላው በ50 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል። ከገጠር መጥቶ መርካቶ ውስጥ ተቀጥሮ ለሚሠራና ዘመድ ለሌለው ወጣት የመዝሙር ክፍሉ ቤተሰቡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርሐ ግብሩን መተው መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሸክሙ አንድ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳያርፍ ማድረግ ነው።

ሸክሙን ያከፋፍሉ

አስተባባሪ ከሆኑ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ይያዙ። የቀሩትን ሥራዎች በሙሉ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የአንድ ሰው ስም ያስቀምጡ። የእርስዎ ስም ከሁለት ቦታ በላይ ካለ አንዱን ለሌላ ያስተላልፉ። "እኔ ከሠራሁት ይሻላል" የሚለው ሐሳብ ብዙ አስተባባሪ አስተኝቷል። ሌላው ሰው ሥራውን በእርስዎ መንገድ ላይሠራው ይችላል፤ ነገር ግን ይሠራዋል፤ ለከርሞም ሁለት አዋቂ ይኖራችኋል።

ገንዘብን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስንት እንዳለ ሳይታወቅ ልብስ ይሰፋ ከተባለ ጉድለቱ በመጨረሻው ሳምንት በአስተባባሪው ኪስ ላይ ይወድቃል። አዲስ ልብስ ባይኖር ነጭ ነጠላ ሁሉም ቤት አለ።

ለውጥ የሚቆምበትን ቀንም ይወስኑ። ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት አዲስ መዝሙር መጨመር፣ የድራማ ቃል መለወጥ፣ ተዋናይ መቀየር ይቁም። የተለማመዱትን አምስት መዝሙር በደንብ መዘመር ያልበሰለ ስምንት ከማቅረብ ይሻላል፤ የአጥኚዎቹንም ልብ ያሳርፋል።

ሱቅ ያለዎት ከሆነ እርዳታ ለመጠየቅ አይፈሩ። ሶማሌ ተራ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚነግድበት ሰፈር ነው። በዋዜማው ቀን "ዛሬ በጊዜ ልወጣ ነው፤ ሱቄን አደራ" ብለው ጎረቤትዎን ቢጠይቁ ነውር የለውም። ለኢድ ደግሞ እርስዎ ይጠብቁለታል። በጭንቀት ሰሞን እንዲህ ያለው ጉርብትና ራሱ ዕረፍት ነው።

ጥናቱንም በሰዓት ይገድቡ። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋቸዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የተጀመረ ጥናት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያበቃ ሁሉም ቤቱ ደርሶ በጊዜ ይተኛል። የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚጸናውም በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ እየተንጠራሩ እስከ እኩለ ሌሊት ማጥናት ቃሉን አያስይዝም። ከሰዓት በኋላ የሚጠጡትን ቡናም ይቀንሱ፤ ካፌን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት እንኳ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ድምፅዎን አይጨርሱት

ቀኑን ሙሉ በመኪና ጥሩንባ መካከል ዋጋ ሲናገር የዋለ ነጋዴ ማታ መዝሙር ሲጀምር ድምፁ ከወዲሁ ደክሟል። የድምፅ አውታሮች ጉሮሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። ስንናገር በወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል እርስ በርስ ይጋጫሉ። ስንጮህ ግጭቱ ይበረታል፤ አውታሮቹም ያብጣሉ፤ ድምፅም ይጎረንናል።

ስለዚህ በሥራ ቦታ ከሩቅ ከመጮህ ቀረብ ብለው ይናገሩ። ውኃ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ፤ በጾም ሰዓት የማይጠጡ ከሆነ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ያካክሱ። ከጥናት በፊት ለአምስት ደቂቃ አፍን ዘግቶ በለስላሳው ማንጎራጎር አውታሮቹን ያሟሙቃል። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ ስለሚያቆስል በምትኩ ምራቅ መዋጥ ወይም ውኃ መጎንጨት ይሻላል። ድምፅዎ ከጎረነነ አንድ ሁለት ቀን ያሳርፉት። ማንሾካሾክም አውታሮቹን ስለሚያደክም ዕረፍት አይባልም። ጉንፋን የያዘው ሰው ቃሉን በልቡ እየተከታተለ ቢቀመጥ ለራሱም ለጓደኞቹም ይበጃል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ግን ሐኪም መታየት አለበት።

ጾምና ጥናት

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ዕቃ ሲያነሣ ውሎ፣ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ቆሞ የሚዘምር ሰው ጾሙን የሚፈታበት ምግብ ያስፈልገዋል። ሻይ በዳቦ ብቻ ቀምሶ መሮጥ አይበቃም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር የፕሮቲን ምንጭ ናቸው፤ ሱፍና ተልባ ጥሩ ቅባት አላቸው፤ ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ይሰጣሉ። ከጥናት በፊት ትንሽ እንጀራ በምስር፣ ከጥናት በኋላ ቀለል ያለ ራት መብላት ሞልቶ ከመተኛት ይሻላል፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዳይመለስም ይረዳል።

በባዶ ሆድ የሕመም ማስታገሻ መዋጥ በዚህ ሰሞን የተለመደ ስሕተት ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት መድኃኒቶች ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። የራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከውኃ ጥማት፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከለመዱት ቡና መዘግየት ነው፤ በመጀመሪያ እነዚህን ያስተካክሉ።

ስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ኢንሱሊንን ወይም የስኳር እንክብልን በራስ ውሳኔ መዝለል አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ አለመብላትም እንዲሁ። በጥናት መካከል ከአባላቱ አንዱ ቢያልበው፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ቢምታታ የስኳር መጠኑ ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ነው። በመዝሙር ክፍላችሁ የስኳር፣ የአስም ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ማን እንደሆነ በፈቃዱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅለት።

ልጆቹን አናስፈራ

ለሕፃናት የገና መርሐ ግብር ዕድሜ ልክ የሚቀር ትዝታ ነው። ትዝታው ግን ደስታ ወይም ፍርሃት መሆኑን የሚወስኑት አዋቂዎች ናቸው። ልጅዎ ቃሏን ብትረሳ ከጎኗ ቆሞ የሚያስታውሳት ሰው ይኑር እንጂ በሰው ፊት አትቆጧት። ከመውጣቷ በፊት ሆዷን ያመማት እንደሆነ ውሸት ነው አትበሏት፤ ፍርሃት በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በሆድ ሕመም ነው። እጇን ይዛችሁ አብራችሁ በቀስታ ተንፍሱ፦ እስከ አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ። አምስት ጊዜ ይበቃል። ይኸው ለአዋቂም ይሠራል።

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባል የለ? ሩሯን ሲመቱ ትልቅና ትንሽ እኩል የሚሆኑበት በዓል ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ለሚሳሳት ልጅም ይኸው ይቅርታ ይድረሰው። የልጆች ጥናት ከጨለመ በኋላ ባይቆይ፣ ወደ ቤት ሲመለሱም አዋቂ ቢሸኛቸው መልካም ነው።

የዋዜማው ሌሊት

በታኅሣሥ መጨረሻ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ነጭ ልብስ ብቻ ለብሶ ሌሊቱን በግቢ ውስጥ ማሳለፍ ያስቸግራል፤ ከሥር ሙቅ ልብስ ይልበሱ፤ ካልሲ አይርሱ። በቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይተኙ። ሲቆሙ ጉልበትዎን አያድርቁ፤ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ፤ የእግር ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ሲቆሙ ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ወደ አንጎል የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው። ዓይንዎ ጭልም ሲልብዎ ወዲያው ይቀመጡ። የወደቀን ሰው ከበው አያጨናንቁት፤ ንጹሕ ቦታ በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉለት።

ጧፍና ሻማ ሲበራ የልጆች የጥጥ ልብስና ነጠላ በቀላሉ እሳት እንደሚይዝ አይዘንጉ። ልጆች ጧፍ ሲይዙ ራቅ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ አዋቂ ይኑር፤ አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ባልዲ አሸዋ ቅርብ ይቀመጥ። የልብስ መለወጫ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይታወቅ ይገድላል። በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል፤ ቁጥሮቹን በግድግዳው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ከበዓሉ በኋላ

ሲነጋ ጾሙ ይፈታል። ከስድስት ሳምንት በላይ ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ሆድ በአንዴ ዶሮውንም ክትፎውንም ሲቀበል ይታወካል። በጥቂቱ ጀምረው ቀስ ብለው ይጨምሩ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ ስለሚችል በደንብ የበሰለውን ይምረጡ። እንቅልፍ ያጣ ሰው መኪና ባይነዳ፣ አልኮል ከጠጣ ደግሞ ፈጽሞ ባይነዳ ራሱንም ሌላውንም ያድናል።

በማግስቱ አንድ ዓይነት ባዶነት ቢሰማዎ አይደንግጡ። ለሳምንታት የተወጠረ ልብ ሲላላ እንዲህ ይሆናል። ከጓደኞችዎ ጋር ተሰብስበው ቡና ይጠጡ፤ የተሳሳተውን እያነሡ ይሳቁበት፤ ለለፉት በስማቸው ምስጋና ይስጡ። መከፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሥራና እንቅልፍ ከከለከለ የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ከልደት እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት ለድምፅዎና ለሰውነትዎ ዕረፍት ካልሰጡ በጥምቀት ታቦቱን ማጀብ ይከብድዎታል።

ዛሬ ማታ ወደ ጥናት ሲሄዱ እንግዲህ ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ። ከመሄድዎ በፊት ጥቂት ምግብ ይቅመሱ፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ከሥራዎችዎ አንዷን ለሌላ ሰው ይስጡ። በልደት ሌሊት መዝሙሩ ሲጀመር አልጋ ላይ ሳይሆኑ በጓደኞችዎ መካከል ቆመው እንዲገኙ እንመኛለን።

መልካም ጤንነት! መልካም የዝግጅት ጊዜ!